ጅብ ጦር አያስፈልገውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ ጋዜጣችሁን አብሬ አነሳለሁ፤ ከቡና ጋር ነው የማነበው። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ፖለቲካ አይደለም። የቤት ኪራይም አይደለም። ጅብ ነው።

ባለፈው እትማችሁ የወጣቶች ገጽ ላይ ስለ ጠረጴዛ የምናብ ጨዋታ ለጀማሪዎች ምክር ወጥቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ጸሐፊው ግን መጨረሻው ላይ፣ የጅብ ራስ ያለው ጭራቅ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጦሩን አስጥሉት፣ ባዶ እጁን ከቀረ ግማሽ ሥራችሁ አለቀ ብሎ መከረ። እዚህ ላይ ስደርስ ስኒዬን አስቀመጥኩ። እኔ የሀረር ልጅ ነኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው የፈጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1974 ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ ተረቱን ይመራል። ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል። የሉዶውን ዳይስ የምታውቁ ገጹን አብዙት፣ እሱው ነው። በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕሪው ጉልበት ወይም ቅልጥፍና የሚሰጠው ጭማሪ ይደመራል። የማታ ተረት ነው እንግዲህ፣ ዳይስ የገባበት።

እኔን ያስገባችኝ ልጄ ናት። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። 13 ዓመቷ ነው። ከሕንፃችን ልጆች ጋር ቅዳሜ ከሰዓት በጋራ አዳራሹ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ ነገሩ ሊቆም ሆነ። ሁለት ሳምንት አኮረፈች። በሦስተኛው "እኔ ልምራው?" አልኳት። ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ ሕጉን እኮ አታውቀውም።" ኤርፖርት ታክሲዬን አቁሜ ተራ እስኪደርሰኝ አነባለሁ አልኳት። አነበብኩም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ተናገርኩ። ጨዋታው በአማርኛ ይሆናል። አጉረመረሙ። ግን መሪ የላቸውም፣ ምን ያደርጋሉ? ተስማሙ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመኝ ድብድቡ ላይ ነው። የ2024ቱ መጽሐፍ ባዶ እጅን ሦስት ነገር ብቻ ያደርገዋል፤ መምታት፣ መያዝ፣ መግፋት። ልጆቹ ደግሞ ሦስቱንም "መታሁት" ነበር የሚሉት። እኔ እያረምኩ አንድ በአንድ ቃል ጨመርኩላቸው። ጨመደደ። አነቀ። ጠለፈ። ገፈተረ። ቧጨረ። ዘነጠለ። ቦጨቀ። ተነስቼ በወንበር ላይ አሳያቸዋለሁ። አንድ ቀን ልጄ "ነከሰና ቦጨቀ ምን ለየው?" አለች። የነከሰ ይለቃል። የቦጨቀ የያዘውን ይዞ ነው የሚሄድ። ይህን ስመልስላት ነው የጨዋታው ሕግ ያለበት ጉድለት የታየኝ።

መጽሐፉን ከፍቼ የጅብን ገጽ አወጣሁ። የ2014ቱ እትም ነው። ጅብ፣ የሕይወት ነጥብ (እስኪወድቅ የሚችለው ጉዳት ማለት ነው) 5። ንክሻ፣ ባለ 6 ገጽ ዳይስ አንዴ ተወርውሮ የወጣው። ጉልበት፣ 11። ተራ ገበሬ 10 ነው። እንግዲህ የሀረር ጅብ ከአንድ ተራ ሰው በአንዲት ነጥብ ብቻ ይበልጣል ማለት ነው። እሷም ስሌቱ ውስጥ አትገባም፤ 10ም ሆነ 11 ጭማሪው ዜሮ ነው።

ይሁን ብዬ ልተወው ነበር። ቀጥዬ የትልቁን የጥበቃ ውሻ ገጽ አየሁ። ጉልበቱ 13! የሕይወት ነጥቡ እንደ ጅቡ 5 ነው፣ ንክሻው ግን በአንድ ይበልጣል። ከነከሰ በኋላም የተነከሰው ሰው ዳይስ ወርውሮ 11 ካላመጣ መሬት ላይ ይዘረራል። ጅቡ ሲነክስ ምንም የለም። ነክሶ ይቆማል፣ ተራውን ይጠብቃል። እኛ ሀገር "ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ" ነው የሚባለው። እዚህ ውሻው ቀድሞ ቆሞ ጅቡን የሚጠብቀው ይመስላል። እውነቱን ለመናገር፣ ታክሲው ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተናደድኩ። ከኋላዬ ተራ የያዘው ሾፌር መጥቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

አንድ ነገር አልክድም። ጅቦች አብረው ሲመጡ ለማጥቃት ይቀላቸዋል፤ መጽሐፉ ይህን ጽፏል፣ እውነትም ነው። ግን ብዛታቸውን እንጂ አፋቸውን አላየም።

አፉን እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከፈላና በር ውጭ ነበር። ሀረርን የማታውቁ፣ የጁገል ግንብ ከታች ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅብ ማታ በዚያ እየገባ የከተማውን ትርፍራፊ ይበላል። ሰዉ ለምዶታል። ጅብ አብሊዎች ሥጋ በእንጨት ጫፍ ሰክተው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው ያበሉታል። እኔም አንዴ ሞክሬያለሁ። ሥጋውን ለማግኘት የፊት እግሮቹን ትከሻዬ ላይ ጫነ። ክብደቱን አሁንም ትከሻዬ ያስታውሰዋል። ሥጋውን ሲወስድ ግን እንጨቱ እንኳ አልተነቃነቀም። እንደዚያ ያለ ረጋ ያለ አወሳሰድ ከዚያ በኋላ በሰው እጅም አላየሁም።

እና ደግሞ ሌላው ሌሊት አለ። የጎረቤታችን አህያ ውጭ አድሮ ኖሮ ጩኸት ሰማን። አባቴ ፋኖስና ዱላ ይዞ ወጣ። እኔም ተከተልኩ፣ ማንም ና ሳይለኝ። አህያው ቆሟል። ጅቡ ከኋላ ጭኑን ይዟል። ይመታዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አይመታም። ይቧጭረዋል ብላችሁም ትጠብቁ ይሆናል። የጅብ ጥፍር እንደ ውሻ ዱልዱም ነው፣ ለሩጫ ነው የሚሆነው። ጅቡ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አፉን ቆለፈ፣ የኋላ እግሮቹን አጠፈ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጣለ። ጎተተ። አህያው ይራገጣል፣ ጅቡ እንደ ተንጠለጠለ ነው። አባቴ ጀርባውን በዱላ መታው። አልለቀቀም። ደገመው። አልለቀቀም። ሦስተኛውን አፍንጫው ላይ ሲያሳርፍበት ለቀቀና ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ያን ጊዜ የለበሰውን ጋቢ ገፎ ወረወረለት። ጅቡ ጋቢውን ቦጨቀና ይዞ ጨለማ ውስጥ ገባ። አህያው እያነከሰ ኖረ። እናቴ ግን ለዓመታት የምታነሳው አህያውን አልነበረም። ጋቢውን ነበር። ድርና ማጉን ራሷ ፈትላው ነበር።

ከዚያ ሌሊት የቀረልኝ ዕውቀት ይህ ነው። ጦር የሌለው እንስሳ ሲይዝህ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቁስል አይደለም። ከያዘህ በኋላ ያለው ነው። ጥያቄው ሁለት ነው። በምን ይይዛል? ሲይዝ ራሱ ምን ያጣል? ጅቡ አህያውን ይዞ አባቴን ሊነክስ አይችልም ነበር። አፉ አንድ ነው። ለዚህ ነው አባቴ ሦስቴ የመምታት ጊዜ ያገኘው።

የሚያናድደው ደግሞ መጽሐፉ ይህን የማያውቅ አለመሆኑ ነው። የአዞን ገጽ ክፈቱ። አዞ ሲነክስ ይይዛል። የተያዘው ዳይስ ወርውሮ 12 ካላመጣ አይወጣም። በዚያ ላይ፣ አዞው አንዱን እንደያዘ ሌላውን መንከስ አይችልም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። በምን ይይዛል? በአፉ። ምን ያጣል? አፉን። የእኔ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ መስመር ተመልሰዋል። ለአዞ የተሰጠው ለጅብ ለምን ተነፈገ? ጸሐፊዎቹ አዞ በቴሌቪዥን አይተው ጅብን በካርቱን ያዩ ይመስለኛል።

ወደ አምደኛችሁ ምክር ልመለስ። የጅብ ራስ ያለው ጭራቅ ኖል ይባላል። መጀመሪያ በ1974 ሲወጣ ከጅብ ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ የጅብ መልክ ያገኘው በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ነው። በ2014ቱ እትም በጦር ሲወጋ በአማካይ 5 ነጥብ ይጎዳል። በጥርሱ ሲነክስ 4። አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱ አንድ ነው። ጦሩን ለማስጣል አንድ ሙሉ ተራህን ታጠፋለህ። ያተረፍከው አንዲት ነጥብ። በመጽሐፉ በራሱ ሒሳብ እንኳ ምክሩ ኪሳራ ነው። ሌላም አለ። የጉልበቱ ጭማሪ ሳይደመር የኖሉ ንክሻ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ነው፣ የተራው ጅብ ግን ባለ 6። ሰው ቁመት ላይ የተተከለ የጅብ ራስ ከራሱ ከጅቡ ያነሰ መንጋጋ እንዴት ይኖረዋል? ጦር ስለያዘ አፉ ሰነፈ እንዴ?

እዚህ ላይ አንድ የጎን ነገር። ከልጆቹ አንዱ ከቤት ሰምቶ "ጋሼ፣ ይሄ ቡዳ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም አልኩት፣ ጠንከር ብዬ። የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ይሠራል፣ ቢላ ይሠራል። ሰዎች ቀን ማረሻቸውን ያመጡለታል፣ ልጆቻቸውን ግን ከዓይኑ ይደብቃሉ። ማታ ጅብ ይሆናል ይሉት ነበር። እኔ በምመራው ጠረጴዛ ላይ ያ ቃል ለጭራቅ አይሰጥም። ልጁ ገባው። ወይም ደግሞ ፊቴን አይቶ ተወው።

ከፈረንጅ ወገን ግን ለቀልድ የሚሆን አለ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ያላቸውን አውሬዎች ዘርዝሯል። ያኔ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ነው። አንዱ አህያ የሚያህል ነው፤ አፉ እስከ ጆሮው የተቀደደ፣ በጥርስ ፈንታ አንድ ወጥ አጥንት ያለው፣ የሰው ድምፅ የሚያስመስል። ይህ አውሬ ስሙ ትንሽ ተቀይሮ በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ገብቷል። ጅብን ከሩቅ የሰማ ሰው የጻፈው ለመሆኑ አልጠራጠርም። ያ ሰው ከሩቅ ሰምቶም ቢሆን ዋናው ነገር አፉ መሆኑን አልሳተም።

ስለ መያዝ ሕግ ካነሳሁ አይቀር፣ የጨዋታው ሰዎች በዚህ ነገር 50 ዓመት ሙሉ ሲያወጡና ሲያወርዱ ነው የኖሩት። አውልቤር የሚባል ጭራቅ አላቸው፣ ራሱ የጉጉት ገላው የድብ። በ1977 በመዳፉ ሲመታ ዳይሱ 18ና ከዚያ በላይ ከወጣ አቅፎ ይጨምቅሃል፣ ከ2 እስከ 16 ተጨማሪ ጉዳት። ድብ ያቅፋል፣ በቃ። ወድጄዋለሁ። በ1979 ለባዶ እጅ ውጊያ የመቶኛ ስሌት አመጡ፤ ለቡጢ ሌላ፣ ለግብግብ ሌላ፣ ላይ ወድቆ ለመጫን ሌላ። ሒሳብ መምህር ካልቀጠርክ አይሆንም። በ1989 የቡጢ ሰንጠረዥ መጣ። ዳይሱ የወጣበት ቁጥር ምን ዓይነት ቡጢ እንደ ሰነዘርክ ይነግርሃል። ሳትሰነዝር በፊት ብታውቀው አይሻልም ነበር?

በ2003 የታደሰው 3ኛው እትም ነው የገላ ትልቅነትን በቁም ነገር የቆጠረው። አንድ መጠን በጨመርክ ቁጥር ለግብግብ 4 ይደመርልሃል። አውልቤር ለግብግብ 14 ጭማሪ አለው። ጀማሪ ጠንካራ ተዋጊ 4። ሁለቱም ዳይስ ወርውረው ይወዳደራሉ። ኤርፖርት ቁጭ ብዬ በወረቀት አሰላሁት። ሰውዬው የሚያሸንፈው ከ400 ዕድል በ45ቱ ነው። ከዘጠኝ አንዴ ገደማ ማለት ነው። ከድብ ጋር ለሚታገል ሰው ይህ ቸርነት ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው። መጀመሪያ ለመያዝ ስትጠጋ ባላጋራህ አንዴ በነፃ ይመታሃል፣ ከዚያ መንካትህ ይጣራል፣ ከዚያ ግብግቡ፣ ከዚያ ሌላ ዝርዝር። አንድ ቅዳሜ ሞከርነው። ሁለት ሰው ሲታገል ሌሎቹ ፒዛ አዘው፣ ፒዛው መጥቶ፣ በልተው ጨረሱ። ሁለተኛ አልሞከርነውም።

በ2014 ቀለል አደረጉት። አሁን ደግሞ ያው ጀማሪ ተዋጊ በትግል የሠለጠነ ከሆነ 5 ይደምራል። አውልቤሩም 5። ከ400 ዕድል ሰውዬው ድቡን አፍኖ የሚይዘው በ190ዎቹ ነው። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው! በዚያ ላይ የድሮውን እቅፍ ከአውልቤሩ ቀምተውታል። በመንቁሩና በጥፍሩ ይመታል እንጂ አይጨምቅም። ልጄ ይህን ሳሰላላት "እኔም እችላለሁ ማለት ነው" አለች። ጠንቋይ ናት በጨዋታው፣ ጉልበቷ 8።

እንግዲህ እኛ ምን አደረግን? ልጆቹ የጋቢ ሕግ ይሉታል። ስሙ እንዴት እንደ መጣ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያወጣሁት አጭር ነው። ጦር የሌለው ጭራቅ አንድን ሰው መምታት ከተሳካለት ሁለት ምርጫ አለው። ወይ መጽሐፉ ያለውን ጉዳት አድርሶ ይለቃል። ወይ የጉዳቱን ግማሽ ያደርስና ይጨመድዳል። ከጨመደደ በሚቀጥለው ተራው አዲስ ዳይስ አይወረውርም። የያዘውን 10 ጫማ ይጎትታል፣ ሙሉ ጉዳቱንም ያደርሳል። የተያዘው ለመውጣት እንደ አዞው 12 ማምጣት አለበት። ጭራቁ ግን የያዘበት አካል ተይዟል። በአፉ ከያዘ አይነክስም። ድብ በሁለት ክንዱ ካቀፈ አፉ ነፃ ነው፣ እጁ ግን የለም። እባብ በገላው ከጠመጠመ መሸሽ አይችልም። ለእያንዳንዱ ጭራቅ ሁለቱን ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ደብተሬ ላይ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ንክሻው ሲከሽፍ ደግሞ "የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል" እላለሁ። አሁን ልጆቹ ዳይሱን ሲያዩ ከእኔ ቀድመው ይሉታል።

ከዚያ የእናንተ ጋዜጣ መጣ። ልጄ የወጣቶች ገጹን ለጓደኞቿ አነበበችላቸው። በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች፣ ግን እስከ መጨረሻው። (ለዚህ ብቻ አምደኛችሁን አመሰግናለሁ።) ምክሩን ሊሞክሩት ወሰኑ። እኔ ዝም አልኩ።

ሦስት ኖሎች በደረቅ ወንዝ ውስጥ ጠበቋቸው። የጎረቤቴ ልጅ ተዋጊ ነው፣ የመጀመሪያውን ኖል ጦር አስጣለ። ጠረጴዛው ተጨበጨበ። ኖሉ ጦሩን አየ አልኩ። ለማንሳት ጎንበስ አላለም። አፉን ከፈተ። ዳይሱን ወረወርኩ፣ 17። የያዘው ግን ተዋጊውን አልነበረም። ከጎኑ የቆመውን ትንሹን ነው። ትንሹ 10 ዓመቱ ነው፣ በጨዋታው ሌባ ነው፣ ስምንት የሕይወት ነጥብ ነበረችው። ጨመደደው አልኩ። በሚቀጥለው ተራ 10 ጫማ ጎተተው፣ ከፋኖሱ ብርሃን ወጣ። ሁለት ነጥብ ቀረው። ጨዋታ ስንጀምር ጀምሮ ያልሰማሁት ጸጥታ ሆነ። ፒዛ የሚያኝክ እንኳ የለም።

ትንሹ ተራው ደረሰ። ዳይሱን አላነሳም። "ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የያዘኝ?" አለ።

ትከሻህን አልኩት።

"ሌሊት ነው አይደል? ብርድ ነው?"

አዎ፣ ብርድ ነው።

"እንግዲያው ጋቢ ለብሻለሁ። የያዘው ጋቢዬን ነው። ትቼለት እወጣለሁ።"

ወረቀቱ ላይ ጋቢ የሚባል ዕቃ አልተጻፈም። ገመድ አለ፣ ችቦ አለ፣ ጋቢ የለም። ተዋጊው ልጅ ተቃወመ፣ "አጭበረበረ" አለ። ትንሹ "ብርድ ሲሆን እናቴ ሳታለብሰኝ አታስወጣኝም" ብሎ መለሰ። ይህን ማን ይከራከረዋል? እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የአባቴን ታሪክ ለእነዚህ ልጆች አንድም ቀን አውርቼላቸው አላውቅም። ለልጄም ቢሆን።

ፈቀድኩለት። ኖሉ ጋቢውን እንደያዘ ቀረ፣ አፉ ሞልቶ። ሌሎቹ ያን ጊዜ ነው የደረሱበት። ውጊያው ሲያልቅ የአህያውን ሌሊት ነገርኳቸው። ሰዓት አለፈን፣ ወላጆች ሊወስዷቸው መጥተው በር ላይ ቆመው አብረው ሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጋችን አንድ መስመር ተጨምሮበታል። የተጨመደደ ሰው የለበሰውን ሰጥቶ ያለ ዳይስ ይወጣል። የሰጠው ግን አይመለስም።

እንግዲህ አምደኛችሁን አንድ ነገር ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። የውሻውንና የጅቡን ገጽ ጎን ለጎን ይክፈታቸው። ካልተናደደ ሀገሩን ይንገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ጋ ብቅ ቢልም አንድ ወንበር አለን። ወንዝ እንሻገራለን፣ አዞ አለበት።

ትንሹ ልጅ ጋቢ ይዞ ሊመጣ ነው። እውነተኛ ጋቢ፣ የእናቱን። ለምን እንደሚፈልገው ለእናቱ አልነገራትም። ጋዜጣችሁን እንደምታነብ አውቃለሁ። እህቴ፣ ይቅርታሽን፣ ሳይነካ እመልሰዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሀረሩ ታክሲ ነጂ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ